ውሃ ልኩ ያላሳየኝ ጉብታ

ድሬዳዋ ውስጥ መስታወትና አሉሚኒየም በሚሠራ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ዋናው ሥራችን በርና መስኮት ነበር። አልፎ አልፎ ግን አኳሪየም፣ ማለትም ዓሳ የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን፣ የሚያዝ ደንበኛ ይመጣል። እሱ የእኔ ድርሻ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሃያ ያህል ሠርቻለሁ። ሁሉም ግን ከላይም ከታችም ፍሬም ያላቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ባስገባበት ሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጋሼ መጡ። ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ድሬ ራሷ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለ ሰው የማይገኝበት ሰፈር የለም። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። ፍሬም የሌለው አኳሪየም ነው። ጠርዙ የተሞረደ መስታወት ብቻ። ውሃው ያለ ምንም መያዣ የቆመ ይመስላል።

«አቦ ይሄን ትሠራልኛለህ ልጄ? ሶፋዬ ላይ ሆኜ እንዳየው» አሉኝ።

ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። እሳቸው 60 ሳንቲም ከፍታ ነበር የፈለጉት። 45 ይበቃል ብዬ አሳመንኳቸው። ውሃው እየጠለቀ በሄደ ቁጥር መስታወቱን የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል። ፍሬም ያለው አኳሪየም ደግሞ ወገቡን የሚይዝለት መቀነት አለው። ይሄኛው የለውም። የሚሸከመው በመስታወቱ ውፍረትና መስታወቶቹን በሚያጣብቀው ሲሊኮን ብቻ ነው። ስለዚህ 90 በ45 በ45 እንዲሆን ተስማምተን ባለ 10 ሚሊ መስታወት ቆረጥኩ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ የሚከላከል ሲሊኮን ለዓሳ መርዝ ስለሆነ እሱን አልነካሁም። ያለ መድኃኒት የሆነውን፣ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ተጠቀምኩ። ሽታው እስኪጠፋ አንድ ሳምንት አቆየሁት።

እስከዚህ ድረስ ያጠፋሁት ነገር አልነበረም።

ባዶውን 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለሁለት ተሸክመን አስገባነው። ማስቀመጫውን የሰፈራቸው በያጅ በብረት ሠርቶ ከላይ ኮምፔንሳቶ አልብሶታል። ውሃ ልኬን በግራ በኩል አስቀመጥኩ፤ አረፋው መሃል ላይ ቆመ። በቀኝ በኩልም እንደዚያው። አኳሪየሙን ልናሳርፍ ስንል ጋሼ ቆም አሉ።

«ከሥሩ የሚነጠፍ ነገር የለም?»

«የለም ጋሼ፣ አያስፈልግም።»

ምንም ሳላመነታ ነው የመለስኩት። በሃያ አኳሪየም ሥር ምንም አንጥፌ አላውቅማ። አንዱም ችግር ፈጥሮ አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ውሃው ወጥቷል።» ባጃጅ ፈልጌ ስደርስ ጋሼ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተው፣ በባትሪ ብርሃን ከባለቤታቸው ጋር ውሃ ይጠርጋሉ። ከ150 ሊትር በላይ ነው ሳሎናቸው ውስጥ የፈሰሰው። ምንጣፉ ተበላሽቷል። የሶፋው እግር ውሃ ጠጥቷል። ደግነቱ ዓሳ አልገባበትም ነበር። አዲስ አኳሪየም ውስጥ የዓሳውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ሳምንታት ስለሚፈልግ ጠብቁ ብያቸው ነበር። እማማ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። መወልወያ ሰጡኝና አብረን ወለወልን። ያ ዝምታ ከስድብ በላይ ከበደኝ።

ሲነጋ አኳሪየሙን አነሳነው። ስንጥቁ የወለሉ መስታወት ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ጠርዝ መሃል ላይ ይነሳና ጎበጥ ብሎ ወደ ጥጉ ይሄዳል። መነሻው በነበረበት ቦታ ኮምፔንሳቶውን በመዳፌ ዳሰስኩት። ጉብታ አለ። ኮምፔንሳቶውን ስናነሳው ሥሩ ላይ በግራይንደር ያልተስተካከለ የብየዳ ጠብታ አገኘን። ሁለት ሚሊ ቢሆን ነው። የእኔ ውሃ ልክ አጭር ናት። በግራና በቀኝ ስለካ መሃሉን አላየሁትም። ደግሞም ውሃ ልክ የሚናገረው ማዘንበልን ነው። ጠረጴዛው ያላዘነበለ ከሆነ ጉብታ ቢኖረውም አረፋው መሃል ላይ ይቆማል።

ጋሼ ጠብታውን በጥፍራቸው እየነካኩ እንዲህ አሉኝ፦ «ከሐዲድ ሥር ጠጠር የሚነጠፈው ለምን ይመስልሃል? ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ እኮ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጥያቄያቸው የጨነቀው ደንበኛ ጥያቄ አልነበረም። ክብደት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ከልማዴ መለስኩ። ፍሬም ያለው አኳሪየም የሚያርፈው በፍሬሙ ላይ ነው። የወለሉ መስታወት ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ አየር ላይ ነው ያለው፤ ጉብታም አሸዋም አያገኘውም። እንዲያውም ስፖንጅ ቢነጠፍለት ስፖንጁ መሃሉን ወደ ላይ ገፍቶ ሊሰነጥቀው ይችላል። ፍሬም የሌለው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ወለሉ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ከ200 ኪሎ በላይ ክብደት በአንዲት ጠብታ ላይ ሲያርፍ መስታወት አይችለውም። ለአንዱ ትክክል የሆነው ለሌላው ጥፋት ነው። እኔ የማላውቀውን ዕቃ እንደማውቀው አድርጌ ነው የተከልኩት።

ለአለቃዬ ሁሉንም እንደሆነው ነገርኩት። የመስታወቱ ዋጋ ከደሞዜ በሦስት ወር ተቆረጠብኝ። ምንጣፉን ጋሼ አላስከፍልም ብለው እንቢ አሉ።

ሁለተኛውን ስተክል ጠብታውን በግራይንደር ጠረግኩ። ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እያጋደምኩ፣ ከሥሩ ብርሃን ሾልኮ እንደሆነ በባትሪ አየሁ። ስድስት ሚሊ ያህል የሚሆን ጠንከር ያለ ስፖንጅ ልክ በወለሉ መጠን ቆርጬ አነጠፍኩ። እስከ ግማሽ ሞልተን አንድ ቀን አደረ። በማግስቱ ቀሪውን ጨመርን።

አሁን ፍሬም የሌለው የሚያዝ ሰው ሲመጣ ከመስታወቱ በፊት የማስቀመጫውን ነገር እጠይቃለሁ። ቤቱ ሄጄ በመዳፌ ካልዳሰስኩ መስታወት አልቆርጥም። ስለ ድሬ ውሃም እነግረዋለሁ። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ያ ነጭ ነገር አኳሪየሙም ላይ ይወጣል። በዚህ ሙቀት ውሃው ቶሎ ይተናል፤ በጎደለው ልክም ነጭ መስመር ይቀራል። ፍሬም ያለው ላይ መስመሩን ፍሬሙ ይሸፍነዋል፤ እዚህ ግን ፊት ለፊት ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ መጥረግ የማይፈልግ ሰው ፍሬም ያለውን ቢወስድ ይሻለዋል።

የጋሼ አኳሪየም ውሃው እስከ ላይ በሞላ ዕለት እንድሄድ አልፈቀዱልኝም። እማማ ቡና አፈሉ። ሦስታችንም ሶፋው ላይ ሆነን እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አየነው። ጋሼ በየመሃሉ ይነሱና ደረቅ ሶፍት በጠርዙ ሥር ያሳልፋሉ። ከዚያ ወደ ባትሪው ብርሃን ያቀርቡታል።

«ደረቅ ነው» ይላሉ።