ቤዝ ጊታሬ ዛሬ ድምፁን ቀየረ

የቤዝ ጊታሬን ክሮች አውርጄ ፍላትዋውንድ የሚባሉትን ገጠምኩ። በተለመደው ክር ላይ የሚጠመጠመው ሽቦ ክብ ነው፤ የእነዚህ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ጣት ሲንሸራተት ያ ጆሮ የሚበላ ፉጨት የለም። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ከትልቁ ከበሮ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። በአውራ ጣት እየመቱ ለሚጫወቱ ግን አልመክርም፤ ጥርት ያለው የብረት ድምፅ ይደበዝዛል። ውጥረታቸው ስለበረታ የጊታሩ አንገት ጎበጥ አለ፤ በውስጡ ያለውን ዘንግ ትንሽ አጠበቅኩት።

ሞታውን በሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ቤዝ ይጫወት የነበረው ጄምስ ጃመርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 በተሠራ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ጊታር ላይ ይህንኑ ዓይነት ክር ገጥሞ፣ ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል። ለኪሴ ደስ የሚል ወሬ ነው!

በሚቀጥለው ልምምድ ጊታር ተጫዋቻችን ለውጡን ያስተውል እንደሆነ እናያለን። እርሱ መቼም ቤዝ መኖሩን የሚያውቀው ሲጠፋ ነው።