ከሩቅ የታየውን መጠበቅ፤ ጾመ ነቢያት በወሎ

ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት፣ የገና ጾም የምንለው፣ ሲገባ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ከማዕዳችን የሚነሣውን ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ነው። እኔ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ይበልጥ የሚሰማኝ፣ ይህ ጾም የነቢያትን ናፍቆት ተካፍለን የምንቆይበት ጊዜ መሆኑ ነው። ኢሳይያስ ድንግል እንደምትፀንስ ሲናገር፣ ሚክያስም ቤተ ልሔምን በስም ጠርቶ ገዥ ከእርስዋ እንደሚወጣ ሲያበሥር፣ ሁለቱም የተናገሩትን በዓይናቸው ሳያዩ አልፈዋል፤ ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት እንደሚለው፣ የተስፋውን ቃል ከሩቅ ሆነው ተሳለሙት እንጂ አላገኙትም። እኛ ጌታ መወለዱን እያወቅን የምንጾመው ሳያዩ አምነው ከኖሩት ከእነዚህ አባቶች ጎን ለመቆም ነው። ሊቃውንቱም 40ውን ቀን ሙሴ በሲና ተራራ ከጾመው ጾም ጋር ያያይዙታል፤ የቀሩትን ሦስት ቀናት ደግሞ በግብፅ፣ በፓትርያርኩ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን፣ ተራራ በጸሎት ከስፍራው የፈለሰበትን ተአምር በማሰብ እንደሚጾሙ ያስተምራሉ።

የዚህ ናፍቆት ልቡ ያለው በታኅሣሥ ሦስት እሑዶች፣ በስብከት፣ በብርሃንና በኖላዊ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በስብከት ዲያቆኑ «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ብሎ ምስባኩን፣ ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የመዝሙር ጥቅስ፣ ያሰማል፤ እጅህን ከአርያም ልከህ፣ ከብዙ ውኃ አውጥተህ አድነኝ የሚል ልመና ነው። በብርሃን «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»፣ ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ፣ ይባላል፤ በኖላዊ ደግሞ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ እየተባለ ይለመናል። ሦስቱም ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰዱ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን ላስተዋለ ግን ለማኙ በመጀመሪያ ከሚያሰጥመው ውኃ መውጣትን፣ ቀጥሎ የሚሄድበትን መንገድ ማየትን፣ በመጨረሻም የሚመራውን እረኛ ይሻል። በ2014 ዓ.ም. ጾሙ የገባው ወሎ በጦርነት ውስጥ ሳለች ነበር፤ ብዙ ቤተሰብ ተበትኖ፣ ብዙ ደጅ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ «እጅህን ላክ» የሚለውን ቃል በቅዳሴ ሰዓት ስሰማ እንደ ድሮው አሳልፌው አላውቅም።

በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት አድቬንት የሚባለው ወቅት ከእነርሱ ዲሴምበር 25 በፊት ያሉትን አራት እሑዶች የሚይዝ ሲሆን፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሻማ እየተጨመረ ይበራል። ሥርዓቱ ከእኛ ቢለይም፣ የመጀመሪያውን ምጽአት እያሰቡ ዳግም ምጽአቱንም መጠበቁ የጋራችን ነው።

ጾሙ ሊያልቅ ሲቃረብ በወልዲያ በኩል ወደ ላስታ የሚወጣው መንገድ በእግረኞች ይሞላል። ብዙዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በከረጢት በሶና ቆሎ ይዘው፣ አንዳንዶቹም በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ናቸው፤ ላሊበላ ሲደርሱም የአገሩ ሰው ውኃ አቅርቦ አቧራ የጠጣ እግራቸውን ያጥባል። በልደት ዕለት በቤተ ማርያም ካህናቱ ገሚሱ ከላይ በዐለቱ ጫፍ፣ ገሚሱ ከታች በቅጥሩ ቆመው «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ»፣ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ፣ እያሉ ይቀባበላሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ያን ያህል ቀን የተለመነው ልመና መልስ ያገኘው በዚህ ዝማሬ ነውና፣ ጾሙን ሳይጾሙ በዓሉን ብቻ ለማየት የሚመጡ እንግዶች የዝማሬውን ግማሽ ሳይሰሙት የሚመለሱ ይመስለኛል።

ስለ ማዕዱም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ወቅቱ የመኸር ነው፤ ጤፉና ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ በሚሞላበት ጊዜ መጾማችን፣ ከማጣት የመጣ ሳይሆን ወደን የተቀበልነው መሆኑን ያሳያል። በወሎ ደግሞ ይህ ጾም ሌላ ጸጋ አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ በበዓል ቀን ማዕዳችን በሥጋ ይለያያል፤ በጾም ግን ሽሮው፣ ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ የሁላችንም ነውና ጎረቤት ከጎረቤት ቤት ያለ ሐሳብ ገብቶ ይቆርሳል። በዚህ ጾም ከምናስባቸው ነቢያት አንዱ የሆነው ኢሳይያስ፣ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ለተራበው እንጀራ መቍረስና ስደተኛውን ወደ ቤት ማስገባት እንደሆነ በ58ኛው ምዕራፍ ተናግሯል። ከቀያቸው ተፈናቅለው በየከተማው ተጠግተው የሚኖሩ ወገኖች ባሉበት አገር፣ በእነዚህ ሳምንታት ለሥጋና ለቅቤ ሳይወጣ የቀረው ገንዘብ ለገና በሬ ከሚጠራቀም ይልቅ ገና በጾሙ ሳለን ወደ እነርሱ ቢሄድ፣ የነቢዩን ቃል በአፋችን ብቻ አንደግመውም ነበር።