ድሬዳዋ በ140 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ ላይ

የምኖረው ጀርመን ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ከታች የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤቴ እኔንና ልጄን ጠርተው ምድር ቤታቸው ውስጥ የሠሩትን አነስተኛ የባቡር መስመር ከነተራራው፣ ከነበረዶው ሲያሳዩን፣ ልጄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰለቸው፤ እኔ ግን እንደ ተንበረከክሁ ቀረሁ። (አሻንጉሊት ብዬ ብጠራው ቅር ይላቸዋል፤ ሞዴል ነው የሚባለው።) አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበረ፣ ፉርጎና ፉርጎ ሲጋጠም የሚሰማው ድምፅ ለእኔ የቤት ድምፅ ነው።

በሳምንቱ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሜርክሊን የሚባለው የጀርመን የሞዴል ባቡር ፋብሪካ የሠራውን ሀዲድ አንድ ካርቶን ሙሉ ገዝቼ በደስታ ወሰድሁላቸው። እርሳቸው ካርቶኑን እንኳ ሳይከፍቱ፣ «ቦታው የት ነው? ዘመኑስ? ባቡሩ እዚያ የሚመጣው ምን ሊሠራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ያለ አንዳች ሀፍረት ከጅቡቲ ባሕር እስከ ለገሃር፣ መካከል ላይ ደግሞ የአዋሽ ድልድይ አልኋቸው። አልሳቁብኝም፤ ሃ-ኑል በሚባለው መጠን ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ስለሚያንስ፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ የመስመሩን 784 ኪሎ ሜትር ለ87 አካፍለው 9 ኪሎ ሜትር እንደሚመጣ አሳዩኝ። የእኔ መደርደሪያ ርዝመቱ 140፣ ጎኑ 35 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከእውነተኛው መሬት 122 ሜትር ያህል ቢይዝ ነው።

ካርቶኑም የማይረባ ሆነ። የገዛሁት ሀዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሚወክለው 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነውን መደበኛ ሀዲድ ነው፤ አሮጌው የእኛ መስመር ግን አንድ ሜትር ብቻ ስለሆነ 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይፈልጋል። ልጄ ይህን ሲሰማ «አባዬ፣ ታዲያ ለምን አዲሱን ባቡር አትሠራም?» አለኝ። ልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነውና ሐሳቡ ገንዘቤን ያድን ነበር። ይሁን እንጂ እኔ አገር የለቀቅሁት ከዚያ በፊት ነው፤ ያልተሳፈርሁበትን ባቡር ከፎቶግራፍ ላይ ብቻ ለመገልበጥ እጄ አልታዘዘልኝም። የስዊዘርላንዱ የሬቲያ ባቡር እንደ እኛው የአንድ ሜትር ሀዲድ ስላለው፣ ያገለገሉ የሞዴል ፉርጎዎቹን እየገዛሁ ቀለማቸውን መቀየር ጀመርሁ።

አዋሽን ትቼ የድሬዳዋን ጣቢያ የመረጥሁት ድልድዩ ከሥሩ ገደል ስለሚፈልግ ብቻ አይደለም፤ ባቡሩ ድልድዩን በአራት ሰከንድ ተሻግሮ ካለፈ በኋላ የሚታይ ነገር አይቀርም። ድሬዳዋ ግን ባቡር የሚቆምበት፣ ፉርጎ የሚፈታበትና የሚቀጠልበት ቦታ ነው። በ35 ሴንቲ ሜትር ጎን ላይ ባቡርን አዙሮ መመለስ ስለማይቻል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ይኸውም የጣቢያ ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በልጅነቴ ከሄደው ባቡር ይልቅ የቆመውን ነው ብዙ ያየሁት።

ወቅቱን ግንቦት አደረግሁት፤ በአማርኛ ስሙ ራሱ የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ዛፍ በቀይ አበባ እንዲሸፈን ፈለግሁ። ለግንዱ ከአገር ቤት የተላከልን የበሶብላ ደረቅ ዘንግ እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ፤ ባለቤቴ ግን ገና አልተቀበለችውም። ለአበባው በሙጫ ላይ በርበሬ ነስንሼ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ቀለሙ ደብዝዞ የሸክላ መልክ ያዘ፤ ቤቱም እስኪተነፍስ ድረስ እያስነጠሰን ከረመ። አሁን በሱቅ ቀለም ተክቼዋለሁ። ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋም ለማስገባት አስቤ ነበር፤ ሆኖም ከጣቢያው ራቅ ይላልና በ122 ሜትር ውስጥ ማስገባቱ ውሸት ይሆናል። የግድግዳውን ቀለም ታላቅ እህቴን በስልክ ብጠይቃት «አቦ! ስንት ጊዜ ተቀብቷል፣ የቱን ልንገርህ?» አለችኝ።

ዘመኑን የወሰነልኝ በጣቢያው ፊት ላይ የሚጻፈው ስም ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. እስከ 1981 ድረስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ይባል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የጅቡቲና የኢትዮጵያ ሆነ። እኔ የማውቀው ሁለተኛውን ስለሆነ በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ቀርቶ ናፍጣው ገባ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይመቸኝ ቀረ። ጣቢያውን ከከተማው በኩል እንዲታይ ካስቀመጥሁት ሕንፃው ባቡሩን ይከልለዋል፤ ከሀዲዱ በኩል ከሆነ ደግሞ ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ይዞራል። ጎረቤቴ «ማንም ለማያየው ነገር አትድከም» ቢሉኝም፣ ስሙን በሦስት ሚሊ ሜትር ፊደል፣ በፈረንሳይኛም በአማርኛም፣ በመርፌ ጫፍ ጽፌዋለሁ፤ አቧራ ስጠርግ ብቻ ሕንፃውን አንሥቼ አነበዋለሁ።