ደሴ ላይ የሚዘገይ ባለ ፔንዱለም ሰዓት አልተበላሸም

አውሮፓ፣ ለምሳሌ ፓሪስ፣ ተሠርቶ እዚያው የተስተካከለ ባለ ፔንዱለም የግድግዳ ሰዓት ደሴ ላይ ሲሰቀል በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። ቢጸዳም፣ ዘይቱ ቢቀየርም፣ ሞላው በአዲስ ቢተካም ያው ነው። ምክንያቱ የመሬት ስበት ደሴ ላይ ከፓሪስ የላላ መሆኑ ነው። ሰዓቱ የተሰቀለበትን ምድር በታማኝነት እየለካ ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። ፔንዱለም ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ለማግኘት ርዝመቱን ለስበቱ ማካፈል፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት መውሰድ፣ ከዚያ በሁለት ፓይ ማባዛት ነው። የተንጠለጠለው ዕቃ ክብደት ስሌቱ ውስጥ የለም፤ ግማሽ ኪሎ ይሁን ሁለት ኪሎ ለውጥ አያመጣም። ርዝመቱ የሚለካው ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ክብደቱ መሐል ነው። ስበት ስል ደግሞ የሚወድቅ ዕቃ በየሴኮንዱ የሚጨምረውን ፍጥነት ማለቴ ነው፦ ፓሪስ ላይ በሴኮንድ 9.81 ሜትር፣ ደሴ ላይ 9.775 ገደማ ይጨምራል። ልዩነቱ 0.35 በመቶ ብቻ ነው። ስኩዌር ሩቱ እሱንም ግማሽ ያደርገዋል። ቀን ግን 86,400 ሴኮንድ ስላለው ያ ጥቃቅን ጉድለት ተጠራቅሞ ወደ 150 ሴኮንድ ይደርሳል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ከፍታውን ይጠረጥራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ጥርጣሬው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን የከፍታው ድርሻ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ዋናው ምክንያት ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ብቻ መሆኗ ነው። መሬት ስትሽከረከር ወገቧ ይወጠራል፤ እዚያ አካባቢ ያለ ሰው ከመሬት እምብርት ይርቃል፣ ሽክርክሪቱም ከክብደቱ ትንሽ ይቀንስለታል። ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1672 ከፓሪስ ወደ ደቡብ አሜሪካዋ ካየን ሄዶ ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲዘገይ አገኘ፤ ፔንዱለሙንም 3 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ርዝመት ማሳጠር ነበረበት። ኒውተን በኋላ መሬት ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ያለች መሆኗን ለማስረዳት የተጠቀመው በዚህ ልኬት ነው። የፔንዱለሙን ርዝመት የሚያስተካክል አንድ የሰዓት ዳዶ የምድርን ቅርጽ መናገሩ ለእኔ በፊዚክስ ውስጥ ካሉት እጅግ ውብ ነገሮች አንዱ ነው።

ስበቱን ራስዎ መለካት ይችላሉ። ክር ላይ ትንሽ ከባድ ድንጋይ ያስሩና ከማሰሪያው እስከ ድንጋዩ መሐል 99 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት። በጥቂቱ ገፍተው 100 ምልልስ ቢቆጥሩ 200 ሴኮንድ ይሆናል። በእጅ ሲለካ ግን አንድ ሴኮንድ መሳሳት ቀላል ነው፤ አንድ ሴኮንድ ደግሞ ስበቱ ላይ የ1 በመቶ ስህተት ያመጣል። ያ በደሴና በፓሪስ መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። ስለዚህ ክሩ የማያሳየውን ቀኑን ሙሉ የሚቆጥር ሰዓት ያሳያል።

መድኃኒቱ ከክብደቱ ሥር ያለው ዳዶ ነው። ክብደቱ ከፍ ሲል ፔንዱለሙ ያጥርና ሰዓቱ ይፈጥናል። ሴኮንድ በሴኮንድ የሚመታው ረጅሙ ፔንዱለም አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር በቀን 44 ሴኮንድ ያህል ይለውጠዋል፤ ደሴ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ይደረጋል። 25 ሴንቲ ሜትር የሆነው አጭሩ ግን 1 ሚሊ ሜትር ሲነካ 174 ሴኮንድ ይዘላል፤ ስለዚህ ለእሱ 0.9 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ዳዶው ሲዞር ክብደቱን በሌላው እጅ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ካልተያዘ ከላይ ያለው ስስ የብረት ሪባን ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ፔንዱለሙ ወደ ጎን ብቻ መሄዱ ቀርቶ እየተንቀጠቀጠ ይዞራል። አንድ ዙር ካዞሩ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። በሞላ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሞላው ሲላላ ፍጥነቱ ስለሚለወጥ ከሙሌት እስከ ሙሌት ያለውን አማካይ ይያዙ።

ያው ሰዓት ኮምቦልቻ ቢወርድ እንደገና ይለወጣል። ከደሴ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ስበቱ ይጠነክርና ሰዓቱ በቀን ከ6 እስከ 9 ሴኮንድ ይፈጥናል። ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ይጎትተዋል፦ የብረት ዘንግ በየዲግሪው በቀን ግማሽ ሴኮንድ፣ የነሐስ 0.8 ሴኮንድ ያዘገያል። ቫርኒሽ የተቀባ የእንጨት ዘንግ ወደ 0.2 ብቻ ነው፤ ምርጫ ካለ እንጨቱን እመክራለሁ።

ሰዓቱ ከመዘግየት አልፎ የሚቆም ከሆነ ግን ስበትን አይውቀሱ። በመጀመሪያ ጆሮዎን ይጣሉ፤ ቲክና ታኩ እኩል ካልተራራቁ ሰዓቱ አዘንብሏል ማለት ነው። በውሃ ልክ ወይም በቱንቢ ሳጥኑን ያቅኑ። ሳጥኑ ቀጥ ብሎም ድምፁ የሚያነክስ ከሆነ ፔንዱለሙን የሚገፋውን ቀጭን ዘንግ በትንሹ ማጠፍ ነው።

ሌላው ስውር ነገር የመወዛወዙ ስፋት ነው። ቀመሩ ልክ የሚሆነው ለጠባብ ውዝዋዜ ነው። ግራና ቀኝ 3 ዲግሪ ሲሄድ በቀን 15 ሴኮንድ፣ 2 ዲግሪ ሲሄድ 7 ሴኮንድ ገደማ ከቀመሩ ይዘገያል። በዚህ ስሌት ብቻ ዘይቱ ደርቆ ውዝዋዜው የጠበበ ሰዓት ይፈጥናል። ሆኖም በየምቱ ባለ ጥርሱን ጎማ ወደ ኋላ ትንሽ በሚመልሱ የተለመዱ ሰዓቶች ላይ ጎማው ለፔንዱለሙ የሚሰጠው ግፊት ይህን በከፊል ያጣፋዋል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከማስተካከል በፊት ማጽዳትና ዘይት መቀየር ይቀድማል። በሞላ የሚሠራ የእጅ ሰዓት በዚህ ሁሉ የለበትም፤ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን ትንሽ ጎማውን የሚመልሰው ስበት ሳይሆን ሞላ ስለሆነ ፓሪስም ደሴም ለእሱ አንድ ናቸው።

ማመሳከሪያው ፀሐይ ከሆነች ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአገራችን ሰዓት የተሰላው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን ደሴ 39.6 ላይ ናት፤ በዚህ የተነሳ ቀትር የሚሆነው በአማካይ ከቀኑ 6፡21 ላይ ነው። የመሬት ምሕዋር ክብ አለመሆኑና የዘንጓ መዝመም ይህን ያንቀሳቅሱታል፦ ጥቅምት 24 አካባቢ 6፡05፣ የካቲት 4 አካባቢ 6፡36 ይሆናል። የዙሁር ሰዓት በሶላት ሰሌዳ ላይ በዓመቱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ወዲያና ወዲህ የሚለው ለዚህ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቀትር በየቀኑ 30 ሴኮንድ ያህል ይዘገያል፤ ያኔ በቱንቢ ጥላ የሚያስተካክል ሰው ልኩን የሚሄድ ሰዓት ቸኮለ ብሎ ዳዶውን በከንቱ ያላላል። በጥቅምት 24 ወይም በየካቲት 4 ዙሪያ ግን ከቀትር እስከ ቀትር 24 ሰዓት ሊባል በሚችል ደረጃ ልክ ስለሆነ፣ በሁለት ተከታታይ ቀናት የሚታየው ልዩነት በሙሉ የሰዓቱ ነው።