የመጨረሻው ረድፍ 65,536

የወር መጨረሻ ሲደርስ ቤቴ የምገባው ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነበር። ከየቅርንጫፉ የሚመጡትን የሽያጭ ፋይሎች አንድ ላይ የማድረግ ሥራ የእኔ ነው። ከአንዱ ኮፒ፣ ሌላው ላይ ፔስት። ሦስት ቀን ሙሉ። ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁት ጠንቅቄ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። ያኔ ከተቀጠረ ዓመት አልሞላውም። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ የኤክሴል ትምህርት ያያል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እስኪጨርስ ኢሜይሉን እንኳ አይከፍትም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት? ይሄን ሥራ ታቀልልዎታለች» አለኝ። «አሁን ጊዜ የለኝም፤ ይሄ ሪፖርት ይለቅና» አልኩት። እሱ ሲያልቅ ሌላ ሪፖርት መጣ። ልጁም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ሪፖርቱን የሚቀበለው ክፍል ሲስተሙ የሚያነበው የድሮውን የኤክሴል ፋይል ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደዚያ ቀይሬ ነው የምልከው። አንድ ወር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሴቭ ሳደርግ አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ። ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። ሳላነበው «ኮንቲኒው» የሚለውን ተጫንኩና ቦርሳዬን አነሳሁ።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ጠቅላላ ሽያጩ ከባንክ ገቢው ጋር አልገጥም አለ። ልዩነቱ ትንሽ አልነበረም። ሥራ አስኪያጃችን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አንተ እንዲህ ዓይነት ስህተት አትሠራም ነበር» ነው ያሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስፈትሽ ዋልኩ። ቀመሩ ትክክል፣ ድምሩም ትክክል።

ልጁ ወንበሩን አስጠጋ። ኮንትሮልን ይዞ ወደ ታች የምታመለክተውን ቀስት ተጫነ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደረስን። ቁጥሩን በጣቱ አሳየኝ፤ 65,536።

«ጋሼ፣ የድሮው ፋይል ጣሪያው ይሄ ነው። ከዚህ ያለፈውን ቆርጦ ይጥለዋል።»

እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የመጣው ፋይል 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። የድሮው ግን እዚያው ላይ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ በኮሮና የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ የቀሩት በዚሁ ጣሪያ የተነሳ እንደሆነም ነገረኝ። ከየት እንዳወቀው ጠየቅኩት። «ጠዋት ጠዋት ነው» አለኝ።

በእልህ የማታ ኮርስ ተመዘገብኩ። በሳምንት አራት ቀን፣ ቅዳሜን ጨምሮ። እውነቱን ለመናገር ይኼም ስህተት ነበር። ልጆቼን ነቅተው ሳላገኛቸው ሳምንት አለፈ። ክፍል ውስጥ ዓይኔ እየተከደነ የሰማሁት ነገር ጠዋት ላይ የለም። አእምሮ የተማረውን የሚያደላድለው ሰው ሲተኛ ነው፤ ከእንቅልፍ ቀንሶ መማር በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት።

ከዚያ ሥራ አስኪያጃችንን ለመንኩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት፣ በሥራ ሰዓት። ፈቀዱልኝ። እዚህ ላይ አጥብቄ የማምንበት ነገር አለ፤ ለሥራው የሚሆን ትምህርት ከቤተሰብ ጊዜ ላይ መነሳት የለበትም። ሥራው ራሱ ቦታ ይልቀቅለት።

አማማሬንም ቀየርኩ። አንድ ነገር ካየሁ በኋላ ዘግቼው ባዶ ፋይል ላይ ከራሴ አውጥቼ እሞክራለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ እደግመዋለሁ። ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየው ይህንኑ ነው። አዲስ የተማርነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ይጠፋል፤ ቀን እየለየን የደጋገምነው ግን ይቆይልናል።

የመጀመሪያው ወር ላይ ምንም የተለወጠ አልመሰለኝም። በሁለተኛው ወር ልጁ ያኔ ሊያሳየኝ የነበረውን ነገር ራሴ ሄጄ ጠየቅኩት። ኤክሴል ውስጥ ያለ ፓወር ኩዌሪ የሚባል መሣሪያ ነበር። ፋይሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለህ፤ ኤክሴል ራሱ ሰብስቦ አንድ ሰንጠረዥ ያደርጋቸዋል። በቀጣዩ ወር አዲሶቹን እዚያው ጨምረህ «ሪፍሬሽ» ማለት ነው። ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ፣ ማመሳከሩን ጨምሮ፣ ግማሽ ቀን ሆነ።

ባለፈው ወር መጨረሻ ያ ማስጠንቀቂያ እንደገና መጣ። እጄ እንደለመደው ወደ «ኮንቲኒው» ሄደ። መለስኩት። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ከ65,536ኛው ረድፍ በኋላ ያለው እንደማይቀመጥ በግልጽ ተጽፏል። ያኔም ተጽፎ ነበር። «ካንስል» አልኩ፤ ፋይሉን ለሁለት ከፍዬ ላክሁት። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የዚያን ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።