ያገለገለች የኪስ ካሜራ እንዴት እንደገዛሁ፣ ሻጩም ምን እንዳልነገረኝ

መርካቶም ሆነ ቦሌ ካሜራ ፍለጋ ስትገቡ ሻጩ ቀድሞ የሚነግራችሁ ሜጋፒክስሉን ነው። «ሃያ ሜጋ ነው፣ ኦሪጅናል ነው፣ ከውጭ የመጣ ነው።» ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካሜራው ደህና ፎቶ ያንሳ አያንሳ ግን አንዳቸውም አይነግሯችሁም። ለኔ ማንም ያልነገረኝ ትልቁ ነገር ሌንሱ ነበር። እሱ ላይ እስክደርስ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፋለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ደህና ስልክ ያለው ሰው ርካሽ አዲስ ካሜራ ባይገዛ ይሻለዋል። እንደ ካኖን ኢክሰስ 185 ያሉት ትንንሾቹ ሴንሰራቸው (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ቺፕ) 6.17 በ4.55 ሚሊ ሜትር ነው። ከስልክ የሚበልጡት በዙምና በእውነተኛ ፍላሽ ብቻ ነው፤ ማታ ቤት ውስጥ ስልኩ ይበልጣቸዋል። ባለ 1 ኢንች የሚባለው ሴንሰር ግን 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙ ነው እንጂ አንድ ኢንች እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም ስፋቱ ከትንሹ አራት እጥፍ ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ስለዚህ በአዲስ ርካሽ ፋንታ ያገለገለ ጥሩ ፈለግኩ። ሁለት አማራጭ ቀረኝ፦ የካኖን ፓወርሾት ኤስ መስመር፣ ማለትም ከኤስ90 እስከ ኤስ120 ያሉት፣ እና በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ አርኤክስ100 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። የካኖኖቹ ሴንሰር በመካከል ያለ ነው፤ ቀለማቸው ግን ለፊት ቆዳ ደስ ይላል። ሶኒውን የመረጥኩት በባትሪው ምክንያት ነው።

ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ካለፈ ወዲህ፣ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ለከርሞ አንባቢ መሳቂያ ነው። አንድ ደንብ ግን አለኝ፦ ቴሌግራም ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ሻጭ ጋ አልሄድም። ዋጋውን የሚወስነው የእናንተን አጻጻፍ አይቶ ነው።

ወደ ባትሪው ስንመጣ፣ በፈረንጅ ከ2012 እስከ 2019 የወጡት የአርኤክስ100 ተከታታዮች በሙሉ አንድ ዓይነት ባትሪ ነው የሚወስዱት፤ ኤንፒ-ቢኤክስ1 ይባላል። የካኖን ኤስ መስመር ግን ይቀያየራል፤ ኤስ95 አንድ ዓይነት፣ ኤስ110 ሌላ ዓይነት ነው፤ ቻርጀሩም ለየብቻ ነው። ያገለገለ ካኖን ያለ ቻርጀሩ ከገዛችሁ ቻርጀር ፍለጋው ከካሜራ ፍለጋው ይብሳል። ሶኒው በማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ካሜራው ውስጥ እንዳለ ይሞላል፤ መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ ይጠጣል። የካሜራው መመሪያ የአምራቹን ባትሪ ብቻ ተጠቀሙ ይላል። እኔ አልስማማም። እዚህ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጠው ወይ ፌክ ነው፣ ወይ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ተቀምጦ የደከመ ነው፤ ደህና ስም ያለው የሌላ አምራች ባትሪ ይሻላል። የእውነተኛው አቅም 1240 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። በዚያው መጠን 2000 የተጻፈበት ካያችሁ የጻፈው ሰው ዋሽቷል። የባትሪውን ማገጃ ስትለቁ ባትሪው በስፕሪንጉ ብቅ ማለት አለበት፤ በጥፍር ካልተጎተተ አልወጣ ካለ አብጧልና ይጣል።

አሁን ወደ ሌንሱ። የኪስ ካሜራ ሲከፈት ከውስጡ ቱቦ በቱቦ ሆኖ ሌንሱ ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል። በዚህ መውጣትና መግባት እንደ ወናፍ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራ ይገባል። መሃል አዲስ አበባ አቧራ ደግሞ ሞልቶናል፤ በ2016 ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ድረስ ሲፈርስ በዚያ የተመላለሰ ካሜራ ሁሉ ድርሻውን ወስዷል። ደቃቁ አቧራ ውስጥ ዘልቆ ሴንሰሩ ላይ ያርፍና በየፎቶው ሰማይ ላይ እዚያው ቦታ ግራጫ ነጥብ ይተዋል። ሻካራው ቱቦዎቹና የማርሽ ጥርሶቹ መሃል ይቀረቀርና አንድ ቀን ሌንሱን ወጥቶ እንዳይገባ ያደርገዋል። ያኔ ካኖን «የሌንስ ስህተት» ብሎ ይጽፋል፣ ሶኒ ደግሞ በሲ:32 ወይም በኢ:61 የሚጀምር ኮድ ያወጣና ይጠፋል።

መጀመሪያ የገዛኋት አርኤክስ100 ሁለቱም ነበሩባት። ሱቅ ውስጥ «ባትሪዋ አልቋል፣ ቤት ወስደህ ቻርጅ አድርጋት፤ ችግር ካለ እዚሁ ነን» ተባልኩ። እዚያው መሆናቸውንስ አልዋሹም። ይዤ ስመለስ ግን «ዋስትናው ሌንስን አይጨምርም» ሆነ መልሱ፤ ቀጥሎ «ጥለኸው ይሆናላ»፤ ቀጥሎ ደግሞ ጣታቸው ደረሰኙ ግርጌ ወዳለችው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ሄደ። የካሜራ ዋስትና ሌንስን ካልጨመረ የሚጨምረው ምኑን ነው? ማንገቻውን? እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዘዴው የአንድ ሱቅ ብቻ አይደለምና።

«ባትሪው አልቋል» የምትለዋን ስትሰሙ ጆሯችሁን አቁሙ። መልሱ ቀላል ነው፦ የተሞላ ባትሪና የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ግቡ። የምትፈልጉት ሞዴል ባትሪ ከሌላችሁ ካሜራውን ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውን ግዙ፤ በኋላም ስለሚያስፈልግ አይከስርባችሁም። በራሳችሁ ባትሪ አላስነካም ያለ ሻጭ የሚደብቀው አለ፤ ውጡ።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። ካሜራው ጠፍቶ ሳለ ሌንሱን የሚሸፍኑትን ስስ ክዳኖች እዩ። ሙሉ በሙሉ ካልገጠሙ፣ ወይም አንዱ ወደኋላ ከቀረ፣ ውስጡ አሸዋ ወይም የደረቀ ለስላሳ መጠጥ አለ። ከዚያ የግርጌውንና የጎኑን ብሎኖች ተመልከቱ፤ ጭንቅላታቸው የተፋፋቀ ከሆነ ካሜራው ተከፍቷል፣ የከፈተው ደግሞ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቀጥሎ አብሩትና አጥፉት። አስር ጊዜ። ሦስት አራቱን ሌንሱ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች፣ የቀረውን ወደ ጎን እያየ፤ የደከመ ጥርስ ወደ ላይ ሲገፋ ነው የሚያቅተው። ጆሯችሁን አስጠጉ። ወጥ የሆነ የሞተር ድምፅ ደህና ነው። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ወይም መሃል ላይ ቆም ብሎ የሚቀጥል ድምፅ ከሰማችሁ በነፃም አትውሰዱት። መርካቶ ውስጥ ይህን ለመስማት ሱቁ ውስጥ ጠልቃችሁ ግቡ፤ በር ላይ ጩኸቱ ሁሉንም ሌንስ ጤነኛ ያደርገዋል። ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች።

የአቧራው ፍተሻ ይህ ነው፦ መደወያውን ኤ ላይ (ካኖን ላይ ኤቪ) አድርጉ፣ ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አጥብቡት (የኤፍ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል፤ ሶኒው ላይ ኤፍ/11፣ ካኖን ኤስ ላይ ኤፍ/8)፣ ዙሙን እስከ ጥግ ሳቡ፣ ብርሃን ማካካሻውን (ፎቶውን የሚያደምቀውንና የሚያጨልመውን) አንድ ወደ ላይ ከፍ አድርጉና ነጭ ወረቀት ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ወረቀቱ ባይጠራ ግድ የለም፤ እንዲያውም ደብዘዝ ቢል ይሻላል። ፎቶውን አጉልታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ተመልከቱ። ሌላ ፎቶ ደግሞ አንሱ። ነጥቡ በሁለቱም ላይ አንድ ቦታ ከሆነ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ነው። «ሌንሱን ብትጠርገው ይለቃል» ይሏችኋል፤ አይለቅም፤ የውጭው መስታወት ላይ ያለ ቅንጣት እንዲህ ጎልቶ አይታይም። ዙም ሳትስቡ፣ ቀዳዳውንም ሳታጠቡ ካያችሁት ነጥቡ ይደበቃል። ሻጩ የሚያሳያችሁ ናሙናም ሁልጊዜ ዙም ያልተሳበ ነው።

ሦስተኛው የመውደቅ ፍተሻ ነው። ካሜራ ሲወድቅ የሌንሱ መስታወት ከመሃሉ ሸርተት ይልና የፎቶው አንድ ጥግ ሁልጊዜ ይደበዝዛል። ይህን ሱቅ ውስጥ ማየት ያስቸግራል። መሃል ከተማ ካላችሁ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማችሁ ላይ ያለውን ማዘጋጃ ቤት አንሱ፤ መስኮቶቹ መስመር በመስመር ስለሆኑ ማነጻጸር ይመቻል። መጀመሪያ ሕንጻውን አንድ ጥግ ላይ፣ ከዚያ ተራ በተራ ሌሎቹ ጥጎች ላይ አድርጋችሁ በኤፍ/4 አንሱ። አራቱም ጥጎች እኩል ትንሽ ቢለሰልሱ የሌንሱ ባሕርይ ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከከፋ ወድቋል።

የቀሩት አጭር ናቸው። ፍላሹ ይብራ። የካርዱ መክተቻ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት አይኑር። ቋንቋውን እዩ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ ሶኒዎች ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፣ ወደ እንግሊዝኛም አይለወጥም። ርካሽ የሆኑበት ምክንያትም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የሴሪያል ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ችግር ኖሮ ስትመልሱት በኋላ «ይሄ የኛ አይደለም» እንዳይባል።

አቧራ ያለበትን ገዝታችሁ ከሆነስ? ሴንሰሩን ለማጽዳት ካሜራው መፈታት አለበት። አንዳንዱ ሌንሱ አፍ ላይ የቤት መጥረጊያ ማሽን ይዞ ይስባል፤ ላላ ያለ ቅንጣትን አንዳንድ ጊዜ ያነሳል፣ ሌላ ጊዜ አዲስ አቧራ ይጨምራል። ራሳችሁ እንዳትከፍቱት። ካሜራው ጠፍቶም ባትሪው ወጥቶም የፍላሹ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) እስከ 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ጣት ላይ የሚያርፈውም እሱ ነው። ጠጋኝ ጋ ከሄዳችሁ መለዋወጫው ሌላ የሞተ ካሜራ መሆኑን እወቁ፤ እሱ ካልተገኘ ጥገና የለም። ሌንሱን ከሴንሰሩ ጋር የሚያገናኘው ስስ ጠፍጣፋ ገመድ ሲፈታ ከተቀደደ ደግሞ ያለቀለት ነው።

ሜሞሪ ካርድ ላይ ስስታም አትሁኑ። 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ ፌክ ካርድ እውነተኛ አቅሙ 8 ሊሆን ይችላል፤ ካሜራው ሞልቷል አይልም፣ ከ8 በኋላ ያነሳችሁት ግን የለም። ኮምፒውተር ላይ ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጢሙ ሞልቶ መልሶ ያነባል። ለ32 ጊጋ ካርድ አንድ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። ከዚያ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉት። የድሮ ካሜራ ከ32 ጊጋ በላይ ያለውን ካርድ ላያነብ ይችላልና እሱንም ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ሞክሩ።

አጠቃቀሙን በተመለከተ ጥቂት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ነጠላና ነጭ ግድግዳ ያቃጥላል። ማካካሻውን ወደ ታች 0.3 ወይም 0.7 አወርዳለሁ፤ የጨለመ ይነሳል፣ የተቃጠለ ነጭ አይመለስም። አይኤስኦን (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ንቃት) ካሜራው በራሱ እንዲወስን ብተወውም ጣሪያውን 1600 ላይ አስራለሁ። ቡና ሲፈላ ቤት ውስጥ ዙም አትሳቡ። ሌንሱ ኤፍ/1.8 የሚከፈተው ዙም ሳይሳብ ብቻ ነው፣ ጥግ ሲደርስ ኤፍ/4.9 ይሆናል፤ ስለዚህ ራሳችሁ ጠጋ በሉ። የአርኤክስ100 ፍላሽ ደግሞ በስፕሪንግ ክንድ ላይ ነው የተቀመጠው። በጠቋሚ ጣት ወደኋላ ሳብ አድርጋችሁ ወደ ጣሪያው ስታዞሩት ብርሃኑ ከነጭ ኮርኒስ ተመልሶ ፊት ላይ በለሰለሰ ሁኔታ ይወርዳል። ኮርኒሱ ቀለም ያለው ከሆነ ፊትም ያንኑ ቀለም ይወስዳል። ቪዲዮ ስትቀርጹ አምፖል ሥር ጥቁር መስመር ከተወዛወዘባችሁ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት።

ቀኑን በፈረንጅ አስገቡ። ካሜራው ጳጉሜን አያውቅም፣ ዓመቱንም በኛ ካስገባችሁ ስልኩ ፎቶዎቹን ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ወደነበሩት ይወስዳቸዋል። ሰዓቱንም ከስልካችሁ ጋር አንድ አድርጉት። ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር ቀን የሚጠይቅ ከሆነ ቀኑን የምትይዘው ውስጡ ያለች ትንሽ ሕዋስ (ባትሪ) ባዶ ናት፤ የተሞላ ባትሪ ከትታችሁበት አንድ ሌሊት አሳድሩት። ከዚያም ከጠየቀ ሕዋሷ ሞታለች። ለፎቶው ምንም አያደርግም፤ ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ቀን የሚጠይቅ ካሜራ ከገጠማችሁ ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው።