የስቶሬጅ ክላስተር ልምምዴ፦ ካሹ ገባ፣ ሰርቨሩም ተቀየረ

ባለፈው ጽሑፌ ሦስቱን ሰርቨሮች በግላስተር ኤፍኤስ (የብዙ ሰርቨሮችን ዲስክ እንደ አንድ ማከማቻ በሚያሠራ ሶፍትዌር) አገናኝቼ ነበር ያቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን ባለችው ትንሿ የሰርቨር ክፍላችን ሁለት ሥራ ተሠርቷል። ካሽ (ተደጋግሞ የሚነበበውን ዳታ የሚይዝ ፈጣን ማቆያ) ጨምሬያለሁ፤ አንድ ያረጀ ሰርቨርም አውጥቼ በሌላ ተክቻለሁ። ይበልጥ ያስተማረኝ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ካሹን ልንገራችሁ። እዚህ የሚቀመጠው በአብዛኛው የትምህርት ቪዲዮ ነው። ከአንኮበር የመጣውም ከመሐል ሜዳ የመጣውም ተማሪ ጠዋት ላይ ያንኑ ትምህርት ይከፍታል። ያን ሰዓት ሃርድ ዲስኮቹ መከራቸውን ያያሉ። ግላስተር ድሮ ለዚህ ቲሪንግ የሚባል፣ ተፈላጊውን ፋይል ወደ ፈጣኑ ዲስክ የሚያዛውር የራሱ መላ ነበረው፤ ከቨርዥን 6 ጀምሮ ግን ወጥቷል። ስለዚህ በየሰርቨሩ ከስር፣ በኤልቪኤም (በሊኑክስ የዲስክ ማስተዳደሪያ) በኩል፣ ፈጣኑን ዲስክ ኤስኤስዲውን የሃርድ ዲስኩ ካሽ አደረግሁት። እህሉ ጎተራ ነው፤ የዕለቱ ግን ማጀት ይቀመጣል፣ እንደዚያ በሉት።

አንድ ፋይል ገና ሲከፈት አይፈጥንም። ወደ ኤስኤስዲ የሚወጣው ተደጋግሞ የተነበበው ነው። ለውጡን ለመለካት የምትፈልጉ ከራማችሁ የሚበልጥ ፋይል ደጋግማችሁ አንብቡ። አለበለዚያ የለካችሁት ራሙን ነው።

ራይትባክ ወይስ ራይትስሩ? እኔ ያለ ብዙ ማመንታት ራይትስሩን መረጥኩ፤ እዚያ የተጻፈው ኤስኤስዲውም ሃርድ ዲስኩም ላይ ወዲያው ያርፋል። ራይትባክ ላይ የተጻፈው መጀመሪያ ኤስኤስዲው ላይ ብቻ ያርፍና ቆይቶ ወደ ሃርድ ዲስክ ይወርዳል። መጻፉን ያፈጥነዋል፤ ነገር ግን ኤስኤስዲው ከሞተ ያልወረደው ዳታ አብሮት ይሄዳል። ርካሽ ኤስኤስዲዎች ደግሞ ድንገተኛ የመብራት መጥፋትን የሚቋቋሙበት መከላከያ የላቸውም። መብራት ሄድ መጣ ለሚልበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ሥራ በብዛት ማንበብ ስለሆነ በራይትስሩ ያጣነው ፍጥነት ብዙም አይሰማም።

አሁን ወደ ሰርቨሩ። ቮልዩማችን (ከሦስቱ ሰርቨሮች የተሠራው የጋራ ማከማቻ) ሪፕሊካ 3 ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል ሦስቱም ሰርቨር ላይ አለ። ሪፕሊካ 2ን አልመክርም። የሁለቱ ግንኙነት ሲቋረጥ በየፊናቸው ሊጽፉና ስፕሊት ብሬን (የትኛው ቅጂ ትክክል እንደሆነ የማይለይበት ችግር) ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛ ትልቅ ዲስክ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው አርቢተር ይጠቀም። አርቢተሩ የሚይዘው የፋይል ስምና ሜታዳታ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ዲስክ ይበቃዋል።

አዲሱን ሰርቨር ከነባሮቹ በአንዱ ላይ ሆኜ በፒር ፕሮብ ኮማንድ ወደ ክላስተሩ አስገባሁት። ዲስኩን በኤክስኤፍኤስ ፎርማት አደረግሁ፣ ከዚያ የአሮጌውን ሰርቨር ብሪክ (ሰርቨሩ ለቮልዩሙ የሚሰጠውን የዲስክ ቦታ) በአዲሱ የሚተካው ሪፕሌስ ብሪክ። ኮማንዱ ወዲያው ተሳክቷል ብሎ ይመለሳል። ብሪኩ ግን ገና ባዶ ነው፤ ፋይሎቹ በሂል (ግላስተር የጎደለውን ቅጂ ራሱ በሚሞላበት ሥራ) አማካኝነት ቀስ እያሉ ነው የሚመጡት።

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ሂል ኢንፎ ብላችሁ ስታዩ በአዲሱ ብሪክ ስር 0 ይላል። ያንን ብቻ ያየ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የሚጠባበቁት ፋይሎች የተዘረዘሩት በሁለቱ ነባር ብሪኮች ስር ነው፤ ምክንያቱም ሙሉው ቅጂ ያለው እነሱ ጋ ነው። ቁጥሩም መጀመሪያ ላይ ከመቀነስ ይልቅ ይጨምራል። ሂሉ ወደ ፎልደሮቹ በገባ ቁጥር ውስጣቸው ያለው ወረፋ ላይ ይሰለፋላ! አትደንግጡ፣ ጠብቁት። ሦስቱም ስር 0 እስኪል ድረስ ሌላ ሰርቨር አትንኩ፣ ሪስታርትም አታድርጉ። እስከዚያ ሙሉ ቅጂ ያላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። እኔ አሁን መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ዝርዝር ነው።

አሮጌውን በፒር ዲታች ያሰናበትኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብሪክ ያለበትን ሰርቨር ግላስተር ራሱም አይለቅም፤ ይህን ጥበቃውን ወድጄለታለሁ።

ግላስተርን ዛሬ ለምትጀምሩ፣ የሶፍትዌር ኩባንያው ሬድ ሃት በግላስተር ላይ ለተመሠረተው የንግድ ምርቱ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አቁሟል። ክፍት ሶርሱ አሁንም አለ፤ ለትልቅ መሥሪያ ቤት ግን ሴፍን (Ceph የሚባለውን ሌላ የስቶሬጅ ክላስተር ሶፍትዌር) ቀድማችሁ ብታዩት ይሻላል።

የሚቀጥለው ስናፕሾት (የቮልዩሙን የአንድ ቅጽበት ይዞታ ማስቀረት) ነው። ለዚያ ብሪኮቹ ቲን ኤልቪኤም (ከጋራ ቋት፣ ከቲን ፑል፣ ሲጻፍበት ብቻ ቦታ የሚወስድ የኤልቪኤም ዓይነት) ላይ መቀመጥ አለባቸው። ቲን ፑልና ካሽን አንድ ላይ ያስኬደ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገው ይጻፍልኝ።